የሰው ደብዳቤ

«የሚደብቀው ክፉ ሥራ የሌለው ሰው ቢሰሙትና ቢያዩት ምን ይጎዳዋል?» የሚል ጥያቄ በዚህ ዘመን ከብዙ ሰው አፍ ይሰማል። ጥያቄውን የሚያነሡት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ይልቁንም አብዛኞቹ ለአገር ሰላም የሚጨነቁ፣ ሥራቸውን በቅንነት የሚሠሩ ሹማምንትና መምህራን ናቸው። ነገሩም ላይ ላዩን ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። እኔም በመጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ የምመልሰው ቃል አጥቼ ዝም ብዬ ነበር። ዳሩ ግን በልጅነቴ በዘንዘልማ የተፈጸመ አንድ ነገር ትዝ አለኝና፣ መልሱ ከዚያ ውስጥ የተቀመጠ መሰለኝ።

ዘንዘልማ ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ቀበሌ ነው። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የአካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ስላለበት ስሙን ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በ1970 ዓ.ም. ግን ፊደል የቆጠረ ሰው በጣት የሚቆጠርበት የገበሬ አገር ነበር። በዚያን ዓመት ለሚሊሺያ የተመለመሉ ወጣቶች ከሶማሊያ ጋር በሚደረገው ጦርነት ወደ ኦጋዴን ዘምተው ነበርና፣ ከእነርሱ የሚመጣውን ደብዳቤ ለእናቶቻቸው የምናነብላቸው እኛ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆች ነበርን። ዋጋችንም አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም አንድ ቅል አሬራ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት መበለት ከአንድ ልጃቸው የመጣ ደብዳቤ እንዳነብላቸው ጠሩኝ። ልጁ ከሰላምታው በኋላ፣ በአንድ ሌሊት ውጊያ ጓደኞቹ ከግራና ከቀኙ ሲወድቁ እርሱ ከድንጋይ ሥር ተጠግቶ እንዳለቀሰና የእናቱን ስም እንደጠራ ጽፎ ነበር። ይህን የጻፈው ለእናቱ ብቻ ነው። መበለቲቱ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፤ ደብዳቤውን አጥፈው በመቀነታቸው ቋጠሩ፤ ቆሎዬንም ሰጡኝ። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ከብት ስንመልስ ለአንድ ጓደኛዬ ነገርሁት። ለክፋት አልነበረም፤ ያወቅሁትን ማወቄን ላሳይ ብዬ ነው። በሳምንቱ ወሬው ከምንጭ ውኃ ከሚቀዱት ሴቶች ዘንድ ደረሰና የዚያ ወጣት ስም ከ«ፈሪ» ጋር ተጣብቆ ቀረ። ጀግንነት በሚዘፈንበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የጎጃም ሰው ያውቀዋል። መበለቲቱም ወደ ደጃችን መጥተው፣ አባቴ ተቀምጦ ሳለ ለእርሱ አንዳች ሳይናገሩ፣ ወደ እኔ ዞረው «አንት ልጅ፣ ደብዳቤው እኮ ለእኔ ነበር» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ ሲመጣላቸው ሁለት ሰዓት ያህል በእግራቸው ተጕዘው ባሕር ዳር ከተማ ለማያውቃቸው ሰው ከፍለው ያስነብቡ ነበር።

እንግዲህ ልጁ ወንጀል አልሠራም፤ እናቱም አልሠሩም። ነገር ግን ሁለቱም ተጎዱ። ምናቸው ተነካ ቢሉ፣ ገመናቸው ነው።

ቋንቋችን ለዚህ ነገር የተለየ ቃል ማበጀቱን ልብ ማለት ይገባል። ምሥጢር ሰው ዐውቆና ወስኖ የሚሰውረው ነገር ነው። ወንጀል በሌላ ላይ የሚደርስ በደል ስለሆነ ሕግ ፈልጎ ሊያወጣው ይገባል። ገመና ግን ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ፍርሃቱ፣ ሕመሙ፣ ማጣቱ፣ ከሚስቱ ጋር የተነጋገረው፣ በጸሎቱ ያለቀሰው ሁሉ የሰው ገመና ነው። ከዚህ ውስጥ የሚያስነውር ላይኖርበት ይችላል፤ እንዲያውም መልካም የሆነው ይበዛል። ሰው ልብስ የሚለብሰው ገላው ላይ ቁስል ስላለበት ነውን? ማታ በሩን የሚዘጋስ ሁሉ የተሰረቀ ዕቃ አስቀምጧልን? በጣና ባሕር ዳርቻና ደሴቶች ላይ ያሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት፣ ለምሳሌ የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ በሦስት የተከፈሉ ናቸው፤ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱ፣ መቅደሱ። ወደ ውስጥ በተገባ ቍጥር የሚገባው ሰው እያነሰ ይሄዳል። ይሁን እንጂ መጋረጃው የተጋረደው ከውስጥ ጥፋት ስላለ ነው ብሎ የጠረጠረ ምእመን አልታየም።

በሌላው ነገር ውስጥ ገብቶ ማየት በአገራችን አዲስ አይደለም። ለሹም ወሬ የሚያቀብለውን ሰው አባቶቻችን «ጆሮ ጠቢ» ብለው ሰይመውታል፤ በዚህ ስም ውስጥ ያለው ንቀት ለማንም ግልጽ ነው። ከዚያ ሌላ ሁለት ሥርዓቶች ነበሩ። አንደኛው አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ነው። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ፣ ያገሩ ሰው በሙሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዲቆይ ይደረግ ነበር። አስቸጋሪ ሥርዓት ነበር፤ ዕርሻ ያስፈታል፤ ንጹሑንና በደለኛውን አንድ ላይ ያንገላታል። ቢሆንም ሦስት ነገሮች ነበሩት። አንድ ጥፋት ሳይፈጸም አይጠራም፤ የሚመረመረው ሰው እየተመረመረ መሆኑን ያውቃል፤ ነገሩም ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሁለተኛው ሌባሻይ ነው። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ይጠጣና፣ ወገቡን በገመድ ተይዞ፣ እየተወላገደ በመንደር ውስጥ ይሄዳል፤ ከገባበት ቤት ሲወድቅ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ለምን እዚህ ቤት ገባ ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልስ የለም፤ ልጁም አያውቅም። ይህን ሥርዓት በኋላ መንግሥት ራሱ ከልክሎታል። መከልከሉ ከዘመናዊ አስተዳደር ሥራዎች አንዱ ተብሎ ቢመሰገን ይገባዋል፤ ምክንያቱን ሊናገር በማይችል መሣሪያ ሰውን መክሰስ ፍርድ አለመሆኑን የተቀበልነው ያን ጊዜ ነውና።

በሕግ በኩልም የሰው ደብዳቤ ክብር እንዳለው አገራችን ካወቀችው ሰንብታለች። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ሕግ ከወሰነው በቀር ማንም የኢትዮጵያውያንን የደብዳቤ ምሥጢር እንዳይደፍር ደንግጎ ነበር። (በዚያን ዘመን ደብዳቤ የሚጽፈው ሕዝብ ምን ያህል እንደነበር ሲታሰብ፣ ሕጉ ገና ላልተጻፉ ደብዳቤዎች የወጣ ይመስላል።) በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የአስቸኳይ ጊዜ ካልታወጀ በቀር ደብዳቤ እንዳይመረመር አዘዘ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ፣ ቍጥሩ እንደ ፊተኛው 26 ሆኖ መገጣጠሙ የሚገርም ነው፣ በፖስታ የሚላከውን ብቻ ሳይሆን በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውንም ግንኙነት አይደፈሬ አደረገው፤ ይህም መብት ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ዝርዝር ሕግ ሲወጣ ብቻ መሆኑን ጨመረበት።

ዝርዝሮቹ ሕጎች ከዚያ በኋላ ተከታትለው መጡ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ቍጥር 652 የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በፍርድ ቤት ፈቃድ ስልክና ኢንተርኔት እንዲጠልፍ ፈቀደ፤ ይህ ዐዋጅ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። ብዙ ሳይነገርለት ያለፈውና ለነገሬ ዋና የሆነው ግን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958 ነው። አንቀጽ 25ን በጥሞና ላነበበ ሰው፣ ሕግ አውጪው ጨርሶ ግዴለሽ እንዳልነበረ ይታየዋል። ጠለፋ ሌላ መንገድ ሲታጣ ብቻ እንዲሆን፣ የፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲጠየቅበት ይላል። አስቸኳይ ሲሆንና መሠረተ ልማትን የሚጎዳ ወንጀል ሲያሠጋ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ያለ ፍርድ ቤት ሊፈቅድ ይችላል፤ ነገር ግን ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ አለበት። ይህ ሁሉ መልካም ነው።

ሆኖም ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል። አንደኛው በአንቀጽ 24 ያለው ነው። አገልግሎት ሰጪው ድርጅት በመሥመሩ የሚያልፈውን የትራፊክ መረጃ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጥ ይገደዳል። የትራፊክ መረጃ ማለት ቃሉ ራሱ ሳይሆን ማን ከማን ጋር፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተገናኘ የሚያሳየው ነው። «ቃሉ ካልተሰማ ምን አለበት?» የሚል ሰው ይኖራል። አንዲት የዘንዘልማ ተማሪ ማታ በሦስት ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት፣ በሦስት ተኩል ወደ አንድ ወጣት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ወደ እናቷ ብትደውል፣ አንድም ቃል ሳይሰማ ገመናዋ ተነቦ አልቋል። በዚህ ዐይነት የተከማቸው መዝገብ የአንድ ተጠርጣሪ አይደለም፤ የሁሉም ነው። ስለዚህ ጥፋት ሳይፈጸም የተጠራ፣ ተሰብሳቢዎቹ መሰብሰባቸውን የማያውቁት፣ መበተኛም የሌለው አውጫጭኝ ሆነ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ተመሳሳይ መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ግን የሕዝብን ሁሉ መዝገብ ያለ ልዩነት ማከማቸት የግል ሕይወትን ከሚገባው በላይ ይነካል ብሎ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ሻረው። የእኛ ዐዋጅ የወጣው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛው በአንቀጽ 25 ውስጥ የጎደለው ነው። የተጠለፈው ሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ እንኳ መጠለፉ ይነገረው የሚል ቃል አይገኝበትም። ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ መረጃ ወዲያው ይወገድ ይላል፤ የሚወገደው ግን ጠለፋው እንዲጠየቅ በወሰነው በዚያው በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ውሳኔ ነው። ሥልጣኑ በ2014 ዓ.ም. ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ቢዛወርም የነገሩ መልክ ያው ነው። እኔ በልጅነቴ የበደልኋቸው መበለት ቢያንስ በደላቸውን ዐውቀው ከደጃችን መጥተው ለመናገር ችለዋል። መጠለፉን ያላወቀ ሰው ከማን ደጅ ይቆማል?

ይህ ባዶ ሥጋት እንዳይመስል ጥቂት የታወቁ ነገሮችን ልጥቀስ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በምርመራ ላይ የነበሩ ሰዎች ከዘመድ ከወዳጅ ጋር ያደረጉት የስልክ ንግግር ተቀድቶ እንዲሰሙት ይደረግ እንደነበር መስክረዋል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የተያዙት የዞን ዘጠኝ ጸሐፊዎች በቀረበባቸው ክስ ውስጥ፣ የኢንተርኔት ደብዳቤያቸውን ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚያሽጉበትን ዘዴ መማራቸው እንደ ጥፋት ተቈጥሮ ነበር፤ ፍርድ ቤት ከሽብርተኝነቱ ክስ ነጻ ያወጣቸው በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ነው። ፖስታውን በሙጫ የለጠፈ ሰው ስለ መለጠፉ የተጠየቀ ያህል ነው። በአሜሪካ አገር ደግሞ ኪዳኔ በሚል የተውሶ ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ከደብዳቤ ጋር ተያይዞ በመጣ ሰነድ ውስጥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ገብቶ እርሱና ቤተ ሰቡ በሚጠቀሙበት ኮምፒዩተር የተነጋገሩትን ሲቀዳ ቆየ ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ አይደለምና የውጭ መንግሥትን በዚህ ልከስ አይቻለኝም ብሎ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 መዝገቡን ዘጋው። ስለዚህ ነገሩ እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ሳይባል ቀረ። ከሳሹ ባሕር ተሻግሮም የሚቆምበት ደጅ አላገኘም።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው በኩል ያለውን ክርክር ሳላቃልል ላቅርበው። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳር የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድርና ባልደረቦቻቸው በሥራ ላይ ሳሉ ተገደሉ። ያን ቀን በከተማዋ የነበረ ሰው ሁሉ በልቡ «ይህን አስቀድሞ የሰማ ቢኖር ኖሮ!» ሳይል አልቀረም። እኔም ብያለሁ። መንግሥት የሕዝብን ነፍስ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ግድያ የሚዶልቱ፣ በስልክ ገንዘብ የሚዘርፉ፣ ጎሣን በጎሣ ላይ የሚያነሣሱ ሰዎችም በዚሁ መሥመር ይገናኛሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ዳኛ አምኖበት፣ ስሙ ተጠቅሶ፣ ለተወሰነ ቀን ቢያዳምጡት የሚቃወም አስተዋይ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነገር ግን አንዱን በጥርጣሬ ማዳመጥ ሌላ፣ ሁሉን በመዝገብ ማኖር ሌላ ነው፤ ሁለተኛው ለአንደኛው ይጠቅማል የሚለውም አሳብ ሲመረመር ይዳከማል። የሚሰማ መሆኑን የጠረጠረ ሰው እውነቱን አይናገርም። በአገራችን «ይህ በስልክ አይወራም፤ ስንገናኝ እነግርሃለሁ» የሚለው ቃል ለምን ያህል ዘመን በሰው ሁሉ አፍ ላይ እንደኖረ አንባቢ ራሱ ያስታውስ። በስልክ የቀረው «ደኅና ናችሁ? ሁሉም ሰላም ነው?» ብቻ ሆነ። ሁሉም ሰላም ባልሆነበት ጊዜ ሁሉ፣ በመሥመሩ ላይ ያለው ጆሮ ሰላም መሆኑን ሲሰማ ሰነበተ ማለት ነው። የቅኔ አገር ሰው ደግሞ ሰሙን ለአድማጭ ትቶ ወርቁን ለወዳጁ ማቀበል ያውቅበታል። ይህ ለቅኔው መልካም ነው፤ አንድ ሹም የሕዝቡን ብሶት በጊዜው ዐውቆ ሊያርመው ለሚፈልግ ግን ክፉ ዕዳ ነው። ገዥ ከሕዝቡ ልብ የሚደርሰው ሕዝቡ ወዶ ሲነግረው ነው፤ ወዶ የሚነግረውም ላለመናገር የሚችል ሰው ብቻ ነው።

መሥመሩን ጨርሶ መዝጋቱም እንዲሁ ነው። በሰኔ 2011 ዓ.ም.፣ ኋላም በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ኢንተርኔት በክልላችን ተዘግቶ ነበር፤ የኋለኛው ለብዙ ወራት ቆየ። ይህ ራሱን የቻለ ነገር ስለሆነ ሌላ ጊዜ ይጻፍበታል።

ታዲያ ምን ይሁን የሚለኝ የሕግ ሰው ቢኖር፣ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳለው፣ ምርመራውን የማያሰናክል ሲሆን የተጠለፈው ሰው በኋላ ይነገረው። የማይፈለገው መረጃ ተወግዷል ወይስ አልተወገደም የሚለውን ጠለፋውን ያልጠየቀ ሌላ ዳኛ ይመልከተው። ስለ ሕዝብ ሁሉ ለአንድ ዓመት የሚቀመጠው መዝገብም ዳኛ ስሙን በጠራው ሰው ላይ ይወሰን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ማወጁ ደስ የሚያሰኝ ጅምር ነው፤ ይህ መብት ከጠለፋው ክፍል በር ሲደርስ ቆሞ እንዳይቀር እመኛለሁ። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል እንዲህ ያለውን በር የሚጠብቁ ሹማምንት ይኖሩ ይሆናል። ለእነርሱ የምለው፣ እኔም አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ደብዳቤ በእጄ ገብቶ ነበርና ማንበብ ምን ያህል እንደሚያኮራ፣ ያነበቡትን ይዞ ዝም ማለትም ምን ያህል እንደሚከብድ ዐውቃለሁ። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ የሚቆጣጠረኝም አልነበረም።

መበለቲቱ ባሕር ዳር ሄደው ያስነብቡ የነበረው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ በዘንዘልማ ከተመዘገቡት ጐልማሶች መካከል በዕድሜ የገፉት እሳቸው ነበሩ። ሰው ሁሉ «አሁን በዚህ ዕድሜዎ ፊደል ምን ያደርግልዎታል?» ይላቸው ነበር፤ እሳቸው አይመልሱም። ከልጆች ኋላ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ዐይናቸው ድረስ ስበው፣ በእንጨት መሬት ላይ ይጽፉ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቀን በደጃቸው ሳልፍ አየኋቸው። ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ አንድ ወረቀት በጕልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ጣታቸውን ከፊደል ወደ ፊደል እያሻገሩ ያነባሉ። ድምፃቸው አይሰማም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔም እንዳያዩኝ በአጥሩ ማዶ ባለው መንገድ ዞሬ ሄድሁ። ደብዳቤው ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላውቅም።